ስለ አንዲት ልብስ አጣቢና ስለ አያቴ ዝምታ

ሰው በሕይወቱ ከሚሠራቸው ጥፋቶች አንዳንዱ በሠራው ጊዜ ጥፋት አይመስለውም፤ እንዲያውም መልካም ሥራ የሠራ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በአቦምሳ ከተማ አንዲት እናት በመንገድ ሲያልፉ «ባንዳ!» ብዬ ሰደብኋቸው። ጓደኞቼም ሳቁልኝ፤ እኔም አገሬን ያገለገልሁ መስሎኝ ምሳዬን ለመብላት ወደ ቤቴ ሮጥሁ። ይህ ከሆነ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎታል። ዛሬ ለመጻፍ ያሰብሁት ስለ እኒያ እናትና እርሳቸውን ስለሚመስሉ ሴቶች ነው እንጂ ስለ ራሴ አይደለም፤ ነገር ግን ታሪኩ የእኔና የአያቴ ጥፋት ካልገባበት ሙሉ አይሆንም።

አቦምሳ ያን ጊዜ የአርባ ጉጉ አውራጃ ከተማ ነበረች። ከአሰላ ደጋ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ ሰው አቦምሳ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በትከሻው ይጥለዋል። ከበስተኋላዋ ተራራው፣ ከፊቷ ደግሞ ወደ አዋሽ የሚወርደው ቆላ ይታያል። አያቴ ወደዚህ አገር የመጡት ከነጻነት በኋላ ነው። በትውልዳቸው የሸዋ ሰው ሲሆኑ፣ በአምስቱ የመከራ ዓመታት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው ዱርና ገደል ከአርበኞች ጋር ሲዋጉ ኖሩ፤ ጠላት ከወጣ በኋላም ለአርበኝነታቸው አንድ ጋሻ መሬት፣ በዛሬ ልክ አርባ ሄክታር ያህል፣ በአርሲ ተሰጣቸው። መሬቱን ቀድሞ ያርሱት የነበሩት የአርሲ ገበሬዎች ምን እንደ ሆኑ መናገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። አያቴም ያ ነገር ሲነሣባቸው ወሬ ይለውጡ ነበር። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ግን እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

ጠላት አዲስ አበባን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡትም በ1933 ዓ.ም. በዚያው ቀን ነበርና፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲደርስ አያቴ ሜዳልያቸውን በደረታቸው አንጠልጥለው ወደ በዓሉ ይሄዱ ነበር። ከዚያ ሲመለሱ ቤታችን በእንግዳ ይሞላል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ከዚያ በኋላ ሁላችን የምናውቀው ታሪክ ይነገራል። አያቴ እግራቸውን ቆስለው ከሌሎች ስድስት ቁስለኞች ጋር በአንድ ዋሻ ተኝተው ሳለ፣ በእኩለ ሌሊት ድንገት ብድግ ብለው «ተነሡ! ነፍሴ አንድ ነገር ነገረችኝ» አሉ። ቁስለኞቹም አንዱ አንዱን እየደገፈ ሸለቆውን ተሻገሩ። ሲነጋ ጠላት ዋሻውን ከበበው፤ ነገር ግን ከአመድ በቀር ምንም አላገኘም። እኔ ሕፃን ሳለሁ ዋሻውን የከበበው ጠላት አርባ ያህል ነበር፤ ትምህርት ቤት ስገባ ስድሳ ሆነ፤ አራተኛ ክፍል ስደርስ ከመቶ አለፈ። ይህን የምለው አያቴን ለማማት አይደለም፤ የጦር ሜዳ ታሪክ እንደ ላም በየዓመቱ የሚወልድ ነገር ነውና።

የሰደብኋቸው እናት በከተማው ዳር ከወንዙ አጠገብ በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። ኑሯቸው የመምህራንንና የመንግሥት ሠራተኞችን ልብስ በማጠብ ነበር። እንዶድ ሲወቅጡ ሙቀጫቸው ከሩቅ ይሰማል፤ የእጃቸው ቆዳ ከውሃው ብዛት ነጥቶ ተጨማዶ ነበር። ባል አልነበራቸውም፣ ልጅም አልነበራቸውም። ወንድማቸው እንደ አያቴ በአርበኝነት መሬት ተሰጥቶት ወደ አርሲ ሲመጣ ተከትለውት መጥተው፣ ወንድምየው ሲሞት ለብቻቸው ቀሩ። በከተማው ውስጥ አንድ ወሬ ነበር፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ «በጣሊያን ጊዜ የጣሊያን ልብስ አጣቢ ነበረች» ይባል ነበር። ለልጅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም።

በሰደብኋቸው ቀን እርሳቸው ዞር ብለው አላዩኝም። በራሳቸው የተሸከሙትን የልብስ ጥቅል አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም ቤት ገብቼ የሠራሁትን ጀግንነት ለአያቴ ነገርኋቸው። አያቴ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ፤ ከዚያም «ምሳህን ብላ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «አርበኛ» የሚለውን ቃል ስትሰማ በዓይነ ልቡናህ የሚመጣው ማን ነው? ጎፈሬውን ያሳደገ፣ ዝናሩን የታጠቀ፣ ምንሽሩን ያነገተ ወንድ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ እኔም ብዙ ዘመን የማየው እርሱን ብቻ ነበር። ነገር ግን እስቲ አስብ። ዱር የገባ ሰው ጥይት ከየት ያገኛል? ለቁስሉ የሚሆን መድኃኒት ከየት ይመጣለታል? ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ የጠላት ጦር በየትኛው ቀን በየትኛው በር እንደሚወጣ ማን ይነግረዋል? ይህን ሁሉ ያደርጉ የነበሩት «የውስጥ አርበኞች» የሚባሉት ናቸው፤ እነርሱም በጠላት እጅ በነበሩት ከተሞችና የጦር ሰፈሮች ውስጥ እየኖሩ፣ ቀን ለጠላት የተገዙ መስለው፣ ጥይትና መድኃኒት፣ ልብስና ስንቅ፣ የሐሰት የይለፍ ወረቀትና ወሬ ወደ ዱር የሚልኩ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ሴቶች ብዙዎች ነበሩ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በጠላት ቤት ምግብ የምታበስል፣ ልብስ የምታጥብ፣ ጠጅ የምትቀዳ ሴት የማትገባበት ክፍል የለም፤ የማትሰማው ወሬም የለም። መኮንኑ በእርሷ ፊት ምሥጢር ይነጋገራል፤ እርሷን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ወንበር ቆጥሯታልና።

ከእነዚህ ሴቶች በስም የምናውቃቸው አሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብት የነበራቸው የአዲስ አበባ ሴት ነበሩ። ሀብታቸውን ለአርበኞች መርጃ አደረጉት፤ መሣሪያና መድኃኒት፣ ስንቅና ወሬ ወደ ዱር እየላኩ ሲሠሩ ተይዘው በኤሌክትሪክ ተሠቃዩ፤ ከዚያም ወደ ኢጣልያ ተግዘው አዚናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ሰው ይህን ያህል መከራ ካየ በኋላ በቃኝ ቢል የሚፈርድበት አይኖርም። እርሳቸው ግን ከግዞት ተመልሰው ሥራቸውን ከተዉበት ጀመሩ፤ አርበኞች የአዲስ ዓለምን ምሽግ በመቱ ጊዜ ነገሩን በማሰናዳት እጃቸው ነበረበት፤ በዚህም ዳግመኛ በጠላት እጅ ወደቁ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በስዊስ አገር ተምረው የመጡ ወጣት ሳሉ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ሰዎች ጋር ነበሩ፤ ከዚያም ተይዘው ወደ አዚናራ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን አሳተሙ፤ በኋላም በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ።

እነዚህን ሁለቱን አክብሬ ካነሣሁ በኋላ አንድ ነገር እንድታስተውል እለምንሃለሁ። አንዷ ሀብትና ወገን፣ ሌላይቱ ትምህርትና ብዕር ነበራቸው። ስማቸው እኛ ዘንድ የደረሰው ገድላቸው ታላቅ ስለ ሆነ ነው፤ ይሁን እንጂ ገድል ብቻውን መንገድ አያውቅም፤ የሚያደርሰው ሰው ወይም ወረቀት ይፈልጋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ በእሳትና በደም ስትታጠብ፣ የሚታደኑትን በጓዳቸው የደበቁ ሴቶች ስንት ነበሩ? ከእነርሱ ስማቸው የተጻፈው እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው።

ወደ ኋላም ብትመለስ ነገሩ ያው ነው። በዓድዋ ጦርነት ጊዜ የኢጣልያን ጦር አዛዥ በሐሰት ወሬ ያታለሉት የባሻ አውዓሎም ስም እስከ ዛሬ በኩራት ይነሣል፤ ይገባቸዋልም። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1888 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የመቀሌ ምሽግ የተለቀቀው እቴጌ ጣይቱ ውሃውን ስላስያዙበት መሆኑን ሁላችን ተምረናል። ግን ምሽጉ ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? በአገራችን ውሃ የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ አንተም ታውቃለህ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ አምጣ ቢለኝ የማመጣው እንስራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አቦምሳ ልመለስ። በ1961 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ከተማሪ ቤት መጥቼ ሳለሁ እናቴ የታጠበ ልብስ እንዳመጣ ወደ እኒያ እናት ላከችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ስድቤንም እረሳሁት እል ነበር። ልብሱን ተቀብዬ ልወጣ ስል «ልጄ፣ ማንበብ ትችላለህ አሉ» አሉኝ። ከሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አወጡ፤ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት በጸሐፊ አስጽፈው ስለ አገልግሎታቸው ላቀረቡት ማመልከቻ የተሰጠ መልስ ነበር። የሚለውን ያን ጊዜ ነግረዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን «ምናልባት ያልነገሩኝ ሌላ ነገር ይል እንደ ሆነ ብዬ ነው» አሉ።

አነበብሁት። በየትኛው የጦር አለቃ ሥር እንደ ነበሩ፣ በየትኛው ጦርነት እንደ ተገኙ፣ ምን መሣሪያ ይዘው እንደ ተዋጉ የሚያስረዳ ምስክር ያቅርቡ ይላል። ሌላ ነገር አይልም።

«መሣሪያ ነው ያለው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«እንዶድ በለው» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል የማስታውስ ይመስለኛል። በጠላት ዘመን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በነበረ አንድ የጦር ሰፈር ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ልብስ አጣቢ ነበሩ። «ጣሊያን ንጽሕና ይወዳል» አሉኝ። «ቅዳሜ የሰጠኝን ልብስ ማክሰኞ ደርቆ ይፈልገዋል። ማክሰኞ ሳይደርስ ልብሴን አምጪ ያለ እንደ ሆነ ግን ሊሄድ ነው። እርጥቡንም ቢሆን አምጪ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ሊሄድ ነው። ስንቱ እንደሚሄድ ሸሚዙ ይነግርሃል፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ ካልሲው ይነግርሃል።»

«ወዴት እንደሚሄዱስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መንገድ መሪ ሆኖ የመጣውን ሰው አያለሁ። ሰውዬው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ ካወቅህ ጦሩ ወዴት እንደሚሄድ አወቅህ ማለት ነው።»

የቆጠሩትን በመቀነታቸው ይቋጥሩት ነበር፤ ትልቁ ቋጠሮ ዐሥር፣ ትንሹ አንድ ነው። መቀነቱን ለአንዲት እንጨት ለቃሚ ይሰጣሉ፤ እርሷም ታጥቃው ወደ ዱር ትሄዳለች። «ሴት ለሴት መቀነት ስትሰጥ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ወንድ የለም» አሉኝ። እንዲህ ሲሆን ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብሱን በእርጥቡ አምጡ ተባለ። መንገድ መሪው ቁስለኞች የተደበቁበትን ዋሻ የሚያውቅ የዚያ አገር ሰው ነበር። በዚያ ሌሊት ከቁስለኞቹ አንዱን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰችው እንግዲህ ነፍሱ አልነበረችም።

ጠላት ዋሻውን ባዶ ባገኘ ጊዜ ወሬው ከየት እንደ ወጣ ለማወቅ በሰፈሩ የሚሠሩትን ሰዎች ሁሉ መረመረ፤ አምስቱንም አጣቢዎች ገረፈ። «አምስት ነበርን» አሉኝ፤ «የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አራቱ በማያውቁት ነገር ተገረፉ። ከሁሉ የሚቆጨኝ እርሱ ነው፤ ሜዳልያ ቢሰጡኝም ለእነርሱ ምን ብዬ አሳያቸዋለሁ?» ይህን ሲናገሩ እንባ አልነበራቸውም፤ የሚናገሩት እንደ ሒሳብ ነበር። የራሳቸው ወንድም በዱር ሆኖ እኅቱ ለጣሊያን እንደምታጥብ ሰምቶ፣ እስከ ነጻነት ቀን ድረስ ከእጃቸው እህል አልቀመሰም። ከነጻነት በኋላ ሁሉን ነገሩት፤ አመናቸውም። ነገር ግን «ለሌላ ሰው አትንገሪ። ሰው የሚሰማው ጣሊያን ሰፈር መግባትሽን ነው እንጂ ይዘሽ የወጣሽውን አይደለም» አላቸው። ይህን ያለው በክፋት አይመስለኝም። አገሩን ያውቅ ስለ ነበረ ነው።

ያን ጊዜ ጉሮሮዬ ተዘጋ። «እማማ፣ በልጅነቴ የሰደብሁዎት እኔ ነኝ» አልሁ።

«አውቃለሁ፤ ድምፅህን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም «በጣሊያን ጊዜ የአገሬ ሰው ሲሰድበኝ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ሥራዬ ደኅና ነው ማለት ነዋ! ማንም አልጠረጠረኝም ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ግን...» ብለው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ወረቀቱን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት።

ስለዚህ ነገር ብዙ ዘመን አስቤያለሁ። ሰላይ የሚጠቅመው ሰላይ ሳይመስል ሲቀር ነው፤ ሴቲቱን ማንም አለመጠርጠሩ ጋሻ ሆኖ ጠበቃት። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ወንዱ ጋሻውን አውርዶ በግድግዳው ሰቀለው፣ እንግዳም አየለት። የእርሷ ጋሻ ግን ከፊቷ የሚወርድ አልሆነም፤ ጠላትን የጋረደው ያው መጋረጃ ወገኗንም ጋረደው። ሽልማት የሚሰጥ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው አለቃን፣ ጦር ሜዳንና መሣሪያን ነው። የእርሷ አለቃ ስሟን እንዳያውቅ የተደረገው በጥንቃቄ ነው፤ ጦር ሜዳዋ ወንዝ ዳር ነው፤ መሣሪያዋን ነግሬሃለሁ።

ይህም በአገራችን ብቻ የደረሰ አይደለም። ሃሪየት ተብማን የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ከባርነት ያመለጠች ሴት ስትሆን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ሰላይ ሆና ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም. በኮምባሂ ወንዝ ላይ በተደረገው ዘመቻ ጦሩን ከመሩት አንዷ ነበረች፤ በዚያም ዘመቻ ከ700 በላይ ባሮች ነጻ ወጡ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ጡረታ ስትጠይቅ ኖራ፣ መጀመሪያ የተሰጣት ወታደር የነበረው ባሏ ስለ ሞተ ነው፤ በኋላም በ1899 ወደ 20 ዶላር ከፍ ያለላት በአስታማሚነቷ ነው። መንግሥት ሚስትነትና አስታማሚነት የሚጻፉበትን መዝገብ አገኘ፤ ስለላዋ የሚጻፍበትን ግን አላገኘም። በእንግሊዝ አገርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሌችሊ ፓርክ በሚባል ስፍራ የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክት ይፈቱ ከነበሩት ሠራተኞች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ። ምሥጢር ለመጠበቅ ስለ ማሉ፣ ነገሩ በ1970ዎቹ በመጽሐፍ ወጥቶ እስኪነገር ድረስ ብዙዎቹ ለባላቸው እንኳ ሳይነግሩ ኖሩ። በዚያ መካከል ስንቱ እናትና አባት ልጁ በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደ ሠራች ሳያውቅ ሞተ! የእነርሱን ዝምታ ግን መንግሥት አዝዞት መንግሥት ፈታው፤ የእኒያን እናት ዝምታ የሚፈታው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም በእኛ ቤት ይኖር ነበር።

ከእኒያ እናት ቤት ስመለስ አያቴ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ወረቀቱን አሳይታህ ነው?» አሉ። ለካስ ከዓመታት በፊት ምስክር እንዲሆኗቸው ጠይቀዋቸው «እናያለን» ብለዋቸው ኖሯል። የጦር አለቃው ሞቷል፤ እንጨት ለቃሚዋም ሞታለች፤ ከሰባቱ ቁስለኞች በሕይወት የቀሩት አያቴ ብቻ ነበሩ።

«ያን ጊዜ ስሟ ከአፌ ቢወጣ ትሰቀል ነበር» አሉኝ። «አፌን ዘጋሁት። ከነጻነት በኋላ ልክፈተው ስል ጊዜው አለፈ።»

«ጊዜው ምን ከለከለዎት አባባ?» አልሁ። ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ግን ጠየቅሁ።

ብዙ ቆይተው «ነፍሴ ነገረችኝ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። እንግዲህ በምን አፌ ልመለስ?» አሉ።

ሁለቱም ምክንያት እውነት ይመስለኛል። አያቴ ፈሪ ሰው አልነበሩም፤ እግራቸው እስኪሞቱ ድረስ ያነክስ ነበር። በጥይት ፊት የቆመ ሰው በእንግዶቹ ፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማረም አቃተው። በኋላ ዘመን፣ በደርግ ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ በመሥሪያ ቤት የማውቀውን እውነት «እናያለን» ብዬ ያሳለፍሁበት ቀን ስለ ነበረ፣ በአያቴ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም። ያን ጊዜ ግን ፈርጄባቸው ሦስት ቀን ሰላምታ ነፈግኋቸው።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ጠርተው «ብዕርና ወረቀት አምጣ» አሉኝ። እርሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍሁ። «ነፍሴ» የሚለው ቃል አልገባበትም። የእኒያን እናት ስም ከነአባታቸው አስገቡት፤ መቀነቱንም፣ እንጨት ለቃሚዋንም፣ ግርፋቱንም አስገቡ። የጠላቱ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከመቶ በላይ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። «አርባ ያህል ብለህ ጻፍ» አሉኝ፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። በመጨረሻ ፈረሙበት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ ፊርማው ከመስመሩ ወጣ።

ያን ወረቀት በፖስታ ላክሁት፤ መልስ አልመጣም። ለማን እንደ ላክሁት መናገር አያስፈልግም፤ ጊዜውም ብዙ ወረቀት የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ከመላኬ በፊት ግን እንዲሰሙት ወደ እኒያ እናት ይዤው ሄድሁ። አያቴ አብረውኝ እስከ ወንዙ ዳር መጥተው ከዚያ ቆሙ፤ ወደ ጎጆው ግን አልገቡም። እኒያ እናት በደጃፋቸው ተቀምጠው፣ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ቀስ ብዬ አነበብሁ። ስማቸው ጋ ስደርስ ምንም አላሉም፤ ግርፋቱ ጋ ስደርስም ምንም አላሉም። «አርባ ያህል ሰው ሆነው» የሚለው ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሠላሳ ስምንት ነው» አሉኝ። «ሦስት ትልቅ ቋጠሮ፣ ስምንት ትንሽ። አስተካክለው።»